ባለሙያዋ የተቀመጠችበት ማዕድ
ከገርጂ እስከ ዝዋይ የወይን እርሻ

ስለ ሽርሽር ስናስብ አብዛኞቻችን አስቀድመን የምናስበው ልጆቹን ነው። ልጆቹ የት ይጫወታሉ? አባትየው የት ይናፈሳል? ስንቁን አዘጋጅታ፣ ሳህኑን አጥባ፣ ከሁሉም ኋላ ወደ ቤት የምትገባው እናት ግን ዕረፍትዋ የት እንደሆነ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። የዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ከገርጂ ተነሥቶ ዝዋይ ደርሶ ይመለሳል።

ነገሩ የተጀመረው በቡና ላይ ነው። በገርጂ የምንኖር አሥር የሠፈር ሴቶች በወር አንድ ቅዳሜ ዕቁብ እንጥላለን። ከመካከላችን መምህርት አለች፣ ነርስ አለች፣ በቦሌ አየር ማረፊያ የምትሠራ አለች፣ ባለ ሱቅና የቤት እመቤትም አሉ። የሁላችን ታላቅ የሆኑት አንዲት ጡረተኛ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን፤ እዚህም እትዬ ብለን እንለፋቸው። በጠጅ አጣጣላቸው እስከ ሲኤምሲና አያት ድረስ ስማቸው የታወቀ ነው። ሠርግ ያለበት ቤት ሁሉ እርሳቸውን ሳያማክር ማር አይገዛም።

በዚያ ዕለት የአየር ማረፊያዋ ሠራተኛ በፈረንሳይ አገር ከምትኖር የእኅትዋ ልጅ የሰማችውን አወጋችን። ልጅቱ የምትሠራው ከጥንት መሳፍንት ግንቦች በአንዱ ውስጥ በተከፈተ የእንግዳ ማረፊያ ነው። እንግዶቹ ከልዩ ልዩ አገር መጥተው አንድ ሳምንት ይቀመጣሉ። ጠዋት ከወጥ ሠሪው ጋር ገበያ ወርደው አትክልቱን፣ ዓሣውንና አይቡን ይመርጣሉ። ከዚያም ሽርጥ ታጥቀው ወጥ ቤት ይገባሉ፤ እየሠሩ ይማራሉ። ማታ በግንቡ አዳራሽ ገበታ ቀርቦ ለየምግቡ የሚስማማው ወይን ጠጅ እየተቀዳላቸው ይመገባሉ። ለዚህም ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ።

እትዬ ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ምን አልሽ? ወጥ ቤት ለመግባት ይከፍላሉ?» ሲሉ ጠየቁ።

«አዎን፣ ይከፍላሉ።»

«እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ገብቻለሁ፤ ታዲያ የእኔን ሒሳብ ማን ያዘው?»

ቤቱ በሣቅ ተሞላ። እርሳቸው ግን አልሣቁም። ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው ሌላ ጥያቄ አስከተሉ፤ «ማታ ሲበላ የሠሩት ሰዎች ይቀመጣሉ?»

«ይቀመጣሉ እንጂ! የሚያቀርብላቸው ሌላ ሰው ነው።»

«እንግዲያስ የሚከፍሉት ለዚህ ነው» አሉ።

በእርግጥም የፈረንሳይ ሰዎች ለገበታቸው ትልቅ ክብር አላቸው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 የፈረንሳውያንን የግብዣ ማዕድ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ምግቡ በአንድ ጊዜ አይደረደርም፤ በተራ ይመጣል። በቅድሚያ መክፈቻው፣ ቀጥሎ ዓሣው ወይም ሥጋው ከአትክልት ጋር፣ ከዚያ አይቡ፣ በመጨረሻም ጣፋጩ ይቀርባል። መቻኮል የለም። በቋንቋቸው ግንብን «ሻቶ» ይሉታል፤ በቦርዶ አካባቢ ግን የወይን እርሻና መጥመቂያ ያለበትን ርስትም በዚሁ ስም ይጠሩታል፤ ግንብ ኖረውም አልኖረውም።

ወሬው ጥሩ ነበር፤ ሒሳቡ ግን አላስኬደንም። ከቦሌ ፓሪስ የሚያደርሰው የአውሮፕላን ቲኬት፣ ቪዛው፣ የግንቡ ኪራይ ሲደማመር የአሥራችንም ዕቁብ ተጠቃልሎ አንዲቱን እንኳ አይልክም። ያን ጊዜ መምህርቲቱ አንድ ነገር አነሣች። «ግንቡ እዚሁ አገራችን መጥቶ የለም እንዴ? ‹ካስቴል› ማለት እኮ በደቡብ ፈረንሳይ ቋንቋ ግንብ ማለት ነው» አለችን።

የስሙ ባለቤቶች ታሪክ ሊሰማ የሚገባው ነው። የካስቴል ቤተሰብ ወላጆች ከስፔን ወደ ፈረንሳይ የተሰደዱ የእርሻ ሠራተኞች ነበሩ። ዘጠኙ እኅትማማችና ወንድማማች እ.ኤ.አ. በ1949 በቦርዶ ተባብረው የወይን ጠጅ ንግድ አቋቋሙ። ይኸው ድርጅት ውሎ አድሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ውስጥ ቢራ ጠማቂ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የእኛን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ገዛ። ከዚያም በዝዋይ ከቦርዶ የመጣ የወይን ተክል አስተክሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በቦሌ ምግብ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ የምናያቸው «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሲያ» የተባሉት ወይን ጠጆች የዚያ እርሻ ፍሬ ናቸው።

እንዲህ ሆነና ከዕቁቡ በተጨማሪ ለሦስት ወር ጥቂት ጥቂት ብር አዋጥተን፣ ከእርሻው አስቀድመን ቀጠሮ ይዘን፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ በትንሽ አውቶቡስ ተነሣን። አንድ ስምምነት ነበረን፤ ማንም ስንቅ እንዳትይዝ። ይህን ለመፈጸም እጅግ የተቸገሩት እትዬ ነበሩ። ከመቀመጫቸው ሥር አንድ ሞሰብ ድፎ ዳቦ ተደብቆ የተገኘው ገና ጎሮ ሳንደርስ ነው።

ከጎሮ ቱሉ ዲምቱ ደርሰን ወደ አዳማ የሚወስደውን ፈጣን መንገድ ያዝን። ይህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ምሥራቅ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ስምጥ ሸለቆ ጎረቤት ሆኖለታል። በስተግራ የረር፣ በስተቀኝ ዝቋላ ተራሮች በማለዳው ጉም ውስጥ ይታዩ ነበር። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፈን ቆቃን አልፈን መቂ ስንደርስ አየሩ ሞቀ፤ ነጠላችንን አወለቅን። ከአዲስ አበባ ዝዋይ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማይቱ ዛሬ ባቱ ትባላለች፤ ሐይቁም ደንበል የሚል ስም አለው። ከደሴቶቹ መካከል ቱሉ ጉዶ ላይ ጥንታዊ የማርያም ገዳም ይገኛል።

እርሻው ስንደርስ ያየነው የድንጋይ ግንብ አይደለም። ሜዳ ላይ በሽቦ ተደግፎ፣ በረድፍ በረድፍ ተተክሎ ዓይን እስከሚያደርስ የተዘረጋ ወይን ነው። ግንብ የሚያሰኘው ነገር ቢኖር ዙሪያውን የተቆፈረው ጥልቅ ቦይ ነው። የጥንት ግንብ ጠላት እንዳይገባው በቦይ ይከበብ ነበር፤ የዚህኛው ጠላት ግን ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ ነው። አስጎብኚያችን ይህን ሲነግረን ነርስዋ ወደ መካከላችን ገባ አለች።

የተተከሉት ዓይነቶች ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ይባላሉ። ስፍራው ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ይህም ለፍሬው ጣዕም ይረዳል። የቀይ ወይን ጠጅ ቅላት የሚመጣው ከጭማቂው ሳይሆን ከፍሬው ቆዳ እንደሆነም ተማርን። ጭማቂው ከቆዳው ጋር አብሮ ሲፈላ ይቀላል፤ ቆዳው አስቀድሞ ከተለየ ግን ነጭ ይሆናል።

ወደ መጥመቂያው ስንገባ እትዬ ከሁላችን ቀድመው ሄዱ። ከእንጨት በርሜሎቹ አጠገብ ቆመው አሸተቱና፣ «ይህ ለምንድን ነው?» አሉ። የባሉጥ እንጨት ለወይን ጠጁ የራሱን ሽታና ጣዕም እንደሚሰጠው ተነገራቸው። «እኛም ጋኑን በወይራ የምናጥነው ለዚሁ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ አስጎብኚው ጠያቂ፣ እትዬ መምህር ሆኑ። አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ እንደሚበጠበጥ፣ ጌሾው መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ፣ ብርዱ ወራት ሲሆን ጠጁ ብዙ ቀን እንደሚፈልግ አስረዱት። ልጁ ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ ጻፈ። እኛም ስንት ዓመት ስንጠጣው የኖርነውን ጠጅ እንደ ዕውቀት ሲጻፍ ያየነው ያን ጊዜ ነው።

ነገሩን ቋንቋችንም ያውቀዋል። ፈረንጅ የወይኑን መጠጥ ለብቻው ስም ሲሰጠው፣ እኛ «ወይን ጠጅ» ብለን ከጠጅ ወገን ቆጥረነዋል። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን ከዘቢብ ሲዘጋጅ ኖሯል። በከተማ ደግሞ ከ1930ዎቹ ዓ.ም ጀምሮ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርንና አክሱማይትን የመሳሰሉትን አስለምዶናል።

ቅምሻው ሲጀመር ሌላ ሣቅ ተነሣ። ብዙ ዓይነት የሚቀምሱ ባለሙያዎች አፋቸው ውስጥ አንከባልለው እንደሚተፉት ተነገረን። እትዬ፣ «የሰው ቤት ገብቼ፣ የሰው መጠጥ ተቀብዬ ልትፋ? ነውር ነው!» አሉ። ሆኖም ትንሽ ትንሽ ብቻ ቀመሱ። ሁለቱ ባልንጀሮቻችን በሃይማኖታቸው ምክንያት አይጠጡም፤ አንዲቱም ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሦስቱ በአምቦ ውኃ ተጫወቱ፤ ሾፌራችንም እንዲሁ። ጨዋታው ግን አልጎደለባቸውም። ደስታ በመለኪያ ብዛት አለመሆኑን ልጆቻችን ቢያዩልን በወደድን።

ምሳችንን ከተማው ውስጥ በሐይቁ አቅጣጫ ባለ አንድ ምግብ ቤት በላን። አባ ኮዳ የተባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣውን ትርፍ ለመሻማት ዳር ዳሩን ይንጎራደዳሉ። እኛም እንደ ፈረንሳውያኑ በተራ ይቅረብልን ብለን አዘዝን። አስቀድሞ ሰላጣ፣ ቀጥሎ ተጠብሶ የመጣ ቆሮሶ ከነጩ ወይን ጠጅ ጋር፣ ከዚያ የዓሣ ጉላሽ በእንጀራ፣ በመጨረሻም ፓፓያ ቀረበልን። የእትዬም ድፎ ዳቦ በአይብ ቦታ ተቆጥሮ ተቆረሰ።

ሁለተኛው ሳህን ሲመጣ እትዬ ብድግ አሉ። የበላንባቸውን ሳህኖች መደራረብ ጀምረው ነበር። አስተናጋጅዋ ልጅ ፈጥና ደረሰችና እጃቸውን ያዝ አድርጋ፣ «እማማ፣ ይቀመጡ፤ ይህ የእኔ ሥራ ነው» አለቻቸው። ተቀመጡ። እጆቻቸውን ግን የት እንደሚያደርጓቸው ጠፋባቸው፤ በጭናቸው ላይ አኖሩአቸው፣ እንደገና በጠረጴዛው ላይ አደረጉአቸው። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዓሣ ትኩሱን እንዲህ ይጣፍጣል ለካ!» አሉ።

ማንም አልመለሰም። ዓሣ በቤታቸው ሳይሠሩ የዋሉበት ዓመት የለም። ሁልጊዜ ግን የሚበሉት ከሁሉም በኋላ፣ ቀዝቅዞ፣ አንዳንዴም ቆመው ነው። የእያንዳንዳችንም ቤት ያው ነው።

በመመለሻችን ላይ መምህርቲቱ ይህንኑ አነሣች። በምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረው የግብር አዳራሽ ዛሬ አንድነት ፓርክ በተባለው ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። ሰው ገብቶ ስፋቱን ያደንቃል፤ የጮማውና የጠጁ ብዛት ይወራለታል። በእንጀራ ቤት፣ በወጥ ቤትና በጠጅ ቤት ሲደክሙ የነበሩት ሴቶች ምን እንደበሉ፣ መቼ እንደበሉ ግን የሚያወራ የለም። የፈረንሳይም ግንብ ቢሆን ወጥ ቤቱ ምድር ቤት፣ አዳራሹ ላይ ነው። ወደ ግንብ ለዕረፍት መሄድ ማለት ለአንዲት ባለሙያ ከታች ወደ ላይ መውጣት ነው።

ታዲያ ለዚህ የግድ ፓሪስ ወይም ዝዋይ መሄድ ያሻል? መንገዱ ደስ ያሰኛል፤ አቅም ያላት ትሂድ። ቀጠሮ አስቀድማ ትያዝ፣ የጾም ቀን እንዳይሆን ትጠንቀቅ፣ የሚነዳው ሰው አይጠጣ። ዋናው ነገር ግን ከገርጂም ሳይወጡ ሊገኝ ይችላል።

እኛ ከተመለስን በኋላ በዕቁባችን ላይ አንድ ሕግ ጨመርን። ባለተራዋ ቤት ስንሰበሰብ የቤቱ ወንዶችና ልጆች ያቀርባሉ፣ ያነሣሉ፣ ያጥባሉ። ባለተራዋ ካበሰለች ወዲያ አትነሣም። በመጀመሪያው ወር አንዱ ባል ወጡን ሲያወጣ ግማሹን ሞሰቡ ላይ አፈሰሰው፤ አንዱ ልጅ ብርጭቆ ሰበረ። በሁለተኛው ወር የተሰበረ ነገር አልነበረም።

በሦስተኛው ወር ተራው የእትዬ ነበር። ዶሮውን ራሳቸው ሠሩ፤ ለማንም አላስነኩም። ሲደርስ ግን ልጃቸው፣ የአርባ ዓመት ጎልማሳ፣ እጃቸውን አስታጥቦ ፈረሰኛውን አስቀድሞ ለእናቱ አወጣላቸው። ቀና ብለው አዩት። «ለእንግዶቹ አስቀድም እንጂ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ጎርሰው ሲያበቁ፣ «ጨው ትንሽ አንሶታል» አሉ። በአርባ ዓመት ውስጥ የገዛ ወጣቸውን ትኩሱን ቀምሰው ሲፈርዱ ይህ መጀመሪያቸው ነው።