ከጉና እስከ ፎገራ፦ ደብረ ታቦር የቆመችበት ምድር

ከወረታ የሚነሳ መንገደኛ የፎገራን ሜዳ ለቆ የደብረ ታቦርን ዳገት ሲይዝ የሚያስበው ብርዱን ነው። መሬት የሚያጠና ሰው ግን ዓይኑን ከዳገቱ አይነቅልም። ከጣና ውኃ (1,800 ሜትር ገደማ) እስከ ጉና ጫፍ (ከ4,100 ሜትር በላይ) ያለው ከፍታ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ያልቃል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ዣን ሾሮቪች፣ ተስፋዬ ኮርሜና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት መሠረት ጣና የተኛው ሦስት ስምጦች በሚገናኙበት ስፍራ ነው። የደንገል በሩ ተቀብሯል፤ የጎንደሩ ፈጦ ይታያል፤ የደብረ ታቦሩ ግን ከተፈጠረ ከብዙ ዘመን በኋላ እንደገና ተንቀሳቅሷል። ከተማዋ የታወቀችው በነገሥታት ታሪክ ነው፤ ይህ የምድሯ ታሪክም የዚያን ያህል ሊነገርላት ይገባል።

የአገሩ ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቅ እየፈላ የወጣ ቅላጭ ነው። ጉና ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በላዩ የተከመረ እሳተ ገሞራ ነው፤ ዛሬ ገብስና ድንች የሚበቅልበት። ሰው ለፈውስ የሚወርድበት የዋንዛዬ ፍል ውኃም ሙቀቱን የሚያገኘው ከጥልቁ ነው።

የዚህን መልክዓ ምድር ክብደት በትከሻቸው ያወቁት የአፄ ቴዎድሮስ ሰዎች ናቸው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለ ከባድ መድፍ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የጎተቱት ገደል እየደረመሱ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ የበሽሎን ሸለቆ ወርደው እየወጡ ነበር። ያን ሸለቆ የቆፈረው፣ ደጋው ወደ ላይ ሲነሳ ቁልቁል የወረደው ወንዝ ነው።

ጉማራና ርብም ሥራቸውን አላቆሙም። ከጉና ያጠቡትን አፈር ፎገራ ላይ ሲጥሉት የጉማራ ወለል በደለል ከፍ ይላል፤ ክረምት ሲመጣም ውኃው ከዳርቻው ወጥቶ የሜዳውን ሩዝ ያጥለቀልቃል። ለዚህ ሁሉ ጣት የሚቀሰረው በገበሬው ላይ ብቻ መሆኑ ልክ አይደለም። ደን መመንጠርና ቁልቁለት ማረስ ጉዳቱን ያባብሳሉ፤ እርከንም ግድ ነው። ነገር ግን ቁልቁለቱን የሠሩት ስንጥቁ፣ እሳተ ገሞራውና ወንዙ ናቸው፤ ገበሬው የወረሰው ዳገት ነው።

ደብረ ታቦር እየሰፋች ነው። ቤት፣ መንገድና ድልድይ ከመሠራቱ በፊት ስንጥቁ፣ ምንጩና የሚንሸራተተው ተዳፋት በካርታ ተነቅሶ፣ በአማርኛ ተጽፎ በከተማው መሐንዲስ እጅ ሊገባ ይገባል። ጥናቱ በውጭ አገር መጽሔት ብቻ አይቅር።