ከዝናቡ በፊት የሚመጣው ነፋስ

የአሶሳ ሰው ስለ ዝናብ፣ ስለ ማንጎና ስለ ወባ ሲያወራ ይውላል። ስለ ነፋስ ግን እምብዛም ነው። በጤና ጣቢያ በሠራሁባቸው ዓመታት «ነፋስ መታኝ» ብሎ የመጣ ታካሚ ሁሉ የሚነግረኝ ስለ አንገቱ ወይም ስለ ወገቡ ነበር። ከጡረታ በኋላ ግን ነፋስ የቤታችን የምሳ ሰዓት ጨዋታ ሆኗል። ምክንያቱ የእህቴ ልጅና የልጄ ልጅ ናቸው።

የእህቴ ልጅ በንጋት ሐይቅ ላይ ዓሣ ማጥመድ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ሐይቁን ላላያችሁት፣ የሕዳሴው ግድብ ጉባ ላይ ዓባይን ሲገታው የተኛው ውሃ ነው። ግድቡ ውሃ መያዝ የጀመረው በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ሲሆን የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ሐይቁ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ስፋቱ ወደ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ ማለትም ከጣና ግማሽ ይበልጣል። ወደ ኋላ የተኛበት ርዝመት ደግሞ 246 ኪሎ ሜትር ነው። ቆሮሶውና አምባዛው በአሶሳ ገበያ መታየት ሲጀምር እኔም እንደ ሌላው ሰው ደስ ብሎኛል። ለልጅ ከዓሣ የተሻለ ምግብ የት ይገኛል?

የልጄ ልጅ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ስልኩን ይዞ መጣና «እማማ፣ እዪው» አለኝ። አንድ ፈረንጅ ብቻውን በጠባብ የፕላስቲክ ታንኳ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ፣ በሁለቱም ጫፍ ሰፌድ ባለው መቅዘፊያ እየቀዘፈ ዓሣ ያጠምዳል። ካያክ ይሉታል። ቦታው ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት ነው። ባሕሩ በጨረቃና በፀሐይ ስበት አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለቴ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ወንዙም አንዴ ወደ ታች አንዴ ወደ ላይ ይፈስሳል። ሰውየው ሲነሳ ውሃው መስታወት ይመስል ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ነፋስ ተነስቶ ታንኳውን እንደ ገለባ ያንከራትተው ጀመር። ልጁ ይህን ሁሉ አይቶ የተረፈው ሐሳብ «እኔም ክረምቱን ከአጎቴ ጋር ሐይቁ ላይ ልሥራ» የሚል ነው።

እናቱ «እኔ ሞቼ!» አለች። አጎቱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ነርስ የነበረ ሰው ጡረታ ቢወጣም የቤቱ ዳኛ መሆኑ አይቀርም።

እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት ከወሎ ነው፤ በ1977ቱ ድርቅ ሰበብ ከመጡት አንዷ ነኝ። እዚህ ገና በቁጥር በሚጠሩት አምባዎች ስንኖር ውሃ ማለት ለእኛ ከጉድጓድ የሚቀዳ ነገር ነበር። ወንዝን ያስተማሩኝ በሥራ ምክንያት የደረስኩባቸው የበርታና የጉሙዝ ሽማግሌዎች ናቸው። ለክትባት ወደ ቆላው ስንወርድ የት እንደምንሻገር፣ ውሃው ሲደፈርስ ምን ማለት እንደሆነ፣ ላይ ዝናብ ሳይታይ ታች ለምን እንደሚሞላ ይነግሩናል። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ውሃው ውስጥ ተክለው ለጥቂት ጊዜ አዩና «ዛሬ ተመለሱ» አሉን፤ ተመለስን። ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዛፍ ተሸክሞ ወረደ።

ይህ እውቀት ግን የወንዝ እውቀት ነው። ዓባይ በገደል መካከል ሲሄድ ነፋስን ተራራው ይቆርጥለታል፤ ውሃው ጠባብ ነው፣ ይጠማዘዛል፣ አደጋው ያለው በፍሰቱ ላይ ነው። ሐይቁ ሌላ ፍጥረት ነው። ፍሰት የለውም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ነፋሱ ሳይገታ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሮጥበታል። ማዕበል የሚያድገው ደግሞ ነፋስ በተንጣለለ ውሃ ላይ በሮጠ ቁጥር ነው። እዚያ ሽማግሌ የለም፤ አባቱ ያልቀዘፈበት ውሃ ላይ ነው ልጁ የሚቀዝፈው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

የእህቴ ልጅ የደረሰበትን የነገረኝ ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ለእናቱ እስከ ዛሬ አልነገራትም (አሁን ይህን ካነበበች ከእኔ ጋር መጣላቷ ነው)። ወሩ ግንቦት ነበር። ሁለት ሆነው ሞተር በሌላት የእንጨት ጀልባ ማታ የጣሉትን መረብ ሊያነሱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገቡ። የወትሮው ልማዳቸው ረፋዱ ላይ መውጣት ነው። ያን ቀን መረቡ ከሰመጠ ዛፍ ጋር ተጠላልፎ ኖሮ ሰባት ሰዓት ሆነባቸው። ሐይቁ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይወርዳል፤ ሲወርድ ውሃ ውስጥ የቀረው ግንድ ወደ ላይ ቀርቦ መረብ ይይዛል፣ ጀልባም ይበሳል።

ሙቀቱ እንደ ምጣድ ነበር አለኝ፤ ቅጠል አይነቃነቅም። ከወዲያኛው ዳር ጥቁር ደመና ቆሟል፤ ዝናቡ ገና ሩቅ ስለሆነ አልተጨነቁም። ድንገት ቀዝቃዛ አየር ፊታቸውን መታቸው። የውሃው መልክ ከወዲያ ማዶ ጀምሮ እየጠቆረ መጣ። ወዲያው ነፋሱ ደረሰ።

ይህን ነገር ወላጆች ሁሉ ብታውቁት ደስ ይለኛል። በትልቅ ደመና ውስጥ ዝናብ ሲወርድ ቀዝቃዛ አየር አብሮ ይወድቃል፤ መሬት ሲነካ በየአቅጣጫው ተበትኖ ከዝናቡ ቀድሞ ይሮጣል። «ዝናቡ ሲደርስ እወጣለሁ» የሚል ሰው እንግዲህ ዘግይቷል። በሞቃት ቀን ድንገት የሚነፍስ ብርድ፣ ከማዶ የሚነሳ አቧራ፣ የሚጠቁር ውሃ፣ እነዚህን ካዩ ወደ ዳር ነው።

ጀልባዋ በጎኗ ዞረች፤ ማዕበሉ ውሃ ይሞላባት ጀመር። ነፋሱ ከዳሩ ወደ መሃል እየነፈሰ ስለነበር ከመሬቱ አራቃቸው። ይህ ዓይነቱ ነፋስ ተንኮለኛ ነው፤ ዳር ላይ ላለ ሰው ውሃው የተኛ ይመስለዋል፣ እየራቀ ሲሄድ ግን ማዕበሉ ያድጋል፣ መመለሱም ከአቅም በላይ ይሆናል። ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አፍ ላይም ነፋሱ ወደ ላይ፣ ፍሰቱ ወደ ታች ሲገጥሙ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ያ ፈረንጅ በስልኩ ላይ የገጠመውም ይኸው ነው።

ጓደኛው ሸሚዙን አውልቆ «ዳሩ ይታያል፣ በዋና እወጣለሁ» አለ። የእህቴ ልጅ ክንዱን ይዞ «ጀልባዋን እንዳትለቅ!» አለው። እኔ ከሰማሁት ሁሉ ያኮራኝ ይህ ነው። ውሃ ላይ ዳር ሁልጊዜ ከእውነቱ ይልቅ ቅርብ ይመስላል። መረቡን ጣሉት። ሁለቱም ከመቀመጫቸው ወርደው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ክብደት ዝቅ ሲል ጀልባ ቶሎ አይገለበጥም። አንዱ በተቆረጠ ጀሪካን ውሃ ሲቀዳ ሌላው አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙሮ ያዘ። ነፋሱ ወደ ወሰዳቸው ሄዱና ደሴት ሆኖ የቀረ ኮረብታ ላይ ተጠጉ። እዚያው እየተንቀጠቀጡ አመሹ። በዚያ ሙቀት አገር እንዴት ብርድ ይሆናል እንዳትሉ፤ የረጠበ ልብስና ነፋስ ተባብረው የሰውነትን ሙቀት ይመጠምጣሉ። ማታ ውሃው ሲረጋ ተመለሱ።

አንዳቸውም የነፍስ አድን ጃኬት አልነበራቸውም። የነበራቸው ክዳናቸው የተጠበቀ ሁለት ባዶ ጀሪካን ነው።

ባሕር ዳር ለሥልጠና በሄድኩበት ጊዜ የጣናን የደንገል ታንኳ አይቼ አስቤ አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን ትዝ ይለኛል። ውሃ በመካከሉ ይገባል፣ ቀዛፊው ይረጥባል፣ ታንኳው ግን ቶሎ አይሰምጥም፤ ደንገሉ ራሱ ተንሳፋፊ ነውና። ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዳር አውጥተው በፀሐይ ያደርቁታል። ያ የፕላስቲክ ካያክም ውስጡ አየር ታሽጎበት ስለሚሠራ ሐሳቡ ያው ነው። የእኛዋ የእንጨት ጀልባ ግን የገባባትን ውሃ ይዛ ትቀመጣለች። ደንገል ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀውን እኛ በአዲስ መልክ እየተማርን ነው።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ልጅ ከኩሬ ወጥቶ አገኘነው። ሰው ተሰብስቦ እግሩን ይዞ ቁልቁል ሰቅሎት ሆዱን ይጫናል። ያደረጉት በፍቅር ነው፤ ውሃው እንዲወጣለት ብለው። የልጁ ችግር ግን የሆዱ ውሃ ሳይሆን የሳንባው አየር ነበር። እኔ ስደርስ ብዙ ደቂቃ አልፏል። ትንፋሽ ሰጠሁት፣ ደረቱን ተጫንኩ፤ አልተመለሰም። የእናቱን ድምፅ እዚህ አልጽፈውም።

ቁልቁል መስቀልና ሆድ መጫን ጊዜ ያባክናል፣ ያስታውካል፣ ትውከቱም ወደ ሳንባ ይገባል። ከውሃ የወጣ ሰው ጥሪ ካልመለሰና በደንብ ካልተነፈሰ በጀርባው አስተኙት፣ ግንባሩን ይዛችሁ አገጩን ቀና አድርጉ፣ አፍንጫውን ዘግታችሁ ደረቱ ከፍ እስኪል በአፉ ትንፋሽ ስጡት፤ ከሁለት እስከ አምስት ጊዜ። ከዚያ የደረቱን መሃል 30 ጊዜ ጠንከርና ፈጠን አድርጋችሁ ተጫኑ (በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሚሆን ፍጥነት)፣ ደግሞ ሁለት ትንፋሽ፣ እንደገና 30። እርዳታ እስኪደርስ አታቁሙ። ነፍሱ ከተመለሰም «ተሻለኝ» ቢል እንኳ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ የመተንፈስ ችግሩ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በዓለም ላይ ወደ 300,000 የሚሆን ሰው ሰጥሞ እንደሞተ ይገምታል፤ ከአሥሩ ዘጠኝ የሚበልጠው እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው። የተባበሩት መንግሥታትም ለዚህ ጉዳይ ቀን ሰይሞለታል፤ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18 ላይ ይውላል፣ ልክ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ውሃ በሚፈልጉበት ወቅት።

ፍርዴን ነገርኳቸው። ልጁ ሐይቁን አይርገጥ አላልኩም። ከልክዬው ተደብቆ ቢሄድ ያለ ጃኬት ነው የሚሄደው። በክረምቱ ግን አይሆንም፤ ደመናው በየቀኑ የሚቆምበት ጊዜ ነው። የበጋውን የትምህርት እረፍት ይጠብቅ። እስከዚያው ዋና ይማር። በልኩ የሆነ ጃኬት ይገዛለት፤ የአዋቂ ጃኬት ልጅ ላይ ውሃ ውስጥ ሲገባ በራሱ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ዳር ይሁኑ፣ መረቡ ተያዘ ከተባለም ይቆረጥ። ለአጎቱም ለጓደኛውም ጃኬት ይገዛ አልኩ፤ የሦስቱንም ከጡረታዬ አዋጣለሁ ስል የእህቴ ልጅ መሳቁን ተወ።

አሶሳ ገበያ ፈልገን ስላጣን ከአዲስ አበባ አስመጣን። የልጁ ጃኬት ብርቱካናማ ነው፤ ለብሶት ግቢውን ሲዞር ጎረቤት ሳቀበት። እኔ ትከሻው ላይ ያለውን ማሰሪያ ይዤ ወደ ላይ ጎተትኩት፤ አገጩን አልፎ አልወጣም፣ ልኩ ነው። እናቱ ከማድ ቤት ሆና ታየናለች። «አንዴ እንደገና ጎትቺው» አለችኝ።