የጭቃው በሬ ልክ

ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነፃነቷን ባወጀችበት ክረምት፣ የጁባ ልጆች ነጭ ዓባይ ዳር ቁጭ ብለው ከጭቃ የሚሠሩት ከብት ነበር። ጠጠሩን ከአፈሩ ይለቅማሉ፤ አርሰው እስኪለሰልስ ያሹታል። መጀመሪያ ገላው፣ ቀጥሎ ሻኛው፣ በመጨረሻ ቀንዱ። ቀንዱ ከገላው ይረዝማል፤ የሙንዳሪ አርብቶ አደሮችን ከብት ያየ ሰው ግን አጋነኑት አይልም። ጥላ ውስጥ ካደረቁት በኋላ በከሰል ያጠቁሩታል፣ በአመድ ያነጡታል፣ በጡብ ዱቄት ያቀሉታል። በስንጥር በረት አጥረው፣ እንደ ትልልቆቹ ትንኝ ለማባረር ቁራጭ ኩበት ያጨሱበታል። ወታደርም ነበረበት፤ ቁመቱ የበሬው ጉልበት ላይ ነው፣ ሥራውም በረት መጠበቅ።

ልማዱ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፉ የኑዌር ልጆች ከጭቃ ከብት ሠርተው እንደሚጫወቱ ጽፏል።

እኔ በዚያን ጊዜ ከሥራ መልስ የፕላስቲክ ታንክ እገጣጥም ነበር። የጦር ሜዳን አሳንሶ የሚያሳየውን ይህን ጥበብ ዲዮራማ ይሉታል። መነሻው ግራጫ ቀለም ነው፤ በላዩ አረንጓዴው ይቀባል። ውኃ መሰል ቡናማ ቀለም በየስንጥቁ ሲገባ ጥላ ይሆናል፤ በደረቅ ብሩሽ ጠርዙን ሲነኩት ብረቱ ያበራል። ሁሉም ነገር 1 ለ 35 ነው። ይህን ልክ የጃፓኑ የሞዴል ኩባንያ ታሚያ የመረጠው እ.ኤ.አ. በ1961 ለሠራው የፓንተር ታንክ ሞተርና ባትሪ ሆዱ ውስጥ እንዲገቡለት ነው፤ ሌላውም ተከተለው። የጁባ ልጆች ልክ ግን ከክብር ይነሣል፤ በቤታቸው የከበረው ነገር በጭቃቸውም ይገዝፋል።

ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ጁባ ላይ ተኩስ ተከፈተ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ገብቶ ተጠለለ። ከዚያ ወዲህ በመጠለያው ያየሁት የልጆች ጭቃ ሌላ ነው። ታንኩ ክንድ ያህላል፤ ሄሊኮፕተሩ የስንጥር ክንፍ አለው፤ የውኃ ቦቴው በቆርኪ ጎማ ይሽከረከራል። በሬው አውራ ጣት አክሎ ከታንኩ ኋላ ቆሟል። ታንኩ ቲ-72 መሆኑን በእያንዳንዱ ጎን ከተደረደሩት ስድስት ጎማዎች ለየሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች የጠለፉት ፋይና የተባለ መርከብ የጫነው 33 ቲ-72 ታንክ ነበር፤ መድረሻው ደቡብ ሱዳን እንደሆነ በሰፊው ተዘግቧል። እኔ ጎማ የምቆጥረው ከሥዕል ላይ ነው፤ እነዚያ ልጆች ሥዕል አላስፈለጋቸውም።

መስከረም 2 ቀን 2011 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ተፋላሚዎች አዲስ አበባ ላይ የሰላም ስምምነት ፈረሙ። ዛሬ የጁባ ልጆች በሬውንም ታንኩንም ይሠራሉ፤ ሁለቱ በቁመት ተቀራርበዋል። ደስ ይለኛል፣ ግን አይበቃኝም። ልጅ የሚያከብረውን ትቶ የሚፈራውን ማግዘፍ ሲጀምር ልኩን የሰጠነው እኛ አዋቂዎቹ ነን፤ ይህን የምለው ለጁባ ብቻ አይደለም፣ ለአገሬም ነው። ስምምነት የሚፈርሙ ሰዎች ፊርማቸው መሬት መንካቱን ማወቅ ከፈለጉ ልጆች ጭቃ ወደሚያቦኩበት ይውረዱ። ታንኩ ከበሬው ጉልበት በታች እስኪወርድ ድረስ ሥራቸው አላለቀም።