ጋዙ አላለቀም ነበር



ባለፈው ሐምሌ እኛ ሦስት ሽማግሌዎች የቤተ ክርስቲያናችንን ወጣቶች ይዘን ወደ ቨርጂንያ፣ ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች ለካምፕ ወጥተን ነበር። “የነገን ቁርስ የምንሠራው እኛ ነን” ብለን ቃል ገባን። የተከራየነው አርቪ ውስጡ ጠባብ ስለሆነ ተንቀሳቃሹን የካምፕ ምድጃ ውጪ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን፣ ጎማውን በአርቪው ጎን ካለው የፕሮፔን መውጫ ጋር አገናኘነው።

እሳቱ ግን ከሻማ አይሻልም። ግማሽ ሰዓት ቆይተን ዘይቱ እንኳ አልሞቀም። “ጋዙ አልቋል” አልን። ሲሊንደሩን ብናነሳው ከባድ ነው። ከመካከላችን አንዱ ተናድዶ፣ “ሬጉሌተሩን ነቅለን በቀጥታ ከሲሊንደሩ እናገናኘው” አለ።

በዚህ ጊዜ አንድ ወጣት ጠጋ አለ። ቀድሞ በጸሎት ስብሰባ የሚተጋ፣ ከዓመት ወዲህ ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ዝም የሚል ልጅ ነው። “ፓስተር፣ ይህን እንዳታደርጉ” አለን። “ሞቅ ባለ ቀን ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከ100 ፒኤስአይ ያልፋል፤ ያለ ሬጉሌተር እሳቱ ይዘላል። ጋዙም አላለቀም። የአርቪው ሬጉሌተር ግፊቱን ከግማሽ ፒኤስአይ በታች አውርዶታል። ምድጃው ደግሞ የራሱ ሬጉሌተር አለው፤ ያ የተሠራው ከትንሿ ጠርሙስ ለሚመጣ ከፍተኛ ግፊት ነው። ሁለቱ ተደራርበው እሳቱን አነቁት። ከዚህ መውጫ ለመጠቀም ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ምድጃ ያስፈልጋል።”

ጎማውን ፈትቶ ትንሿን የፕሮፔን ጠርሙስ በምድጃው ላይ ገጠመ። መጋጠሚያውን የሳሙና ውሃ ቀባው፤ አረፋ አለመኖሩን አይቶ ለኮሰው። ሰማያዊው ነበልባል ቦግ አለ። ፍርፍሩም ደረሰ።

በላን፣ አመሰገንን። ማታ ግን እኛ ሽማግሌዎች እንቅልፍ አጣን። ስለዚያ ልጅም “እሳቱ ጠፍቷል” ብለን ነበርና። በጌታ ቃል ላይ የራሳችንን ደንብ፣ በደንባችን ላይ ሌላ ደንብ ደራርበንበት እንደነበር ያን ሌሊት አየን፤ ስለ አለባበሱ፣ ስለ ጊታሩ፣ ስለ አማርኛው ሳይቀር።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ሐዋርያትና ሽማግሌዎች በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ከአሕዛብ ባመኑት ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ሸክም እንዳይጫን ተስማሙ። የሚያስፈልገውን ግን አላስቀሩም። ሬጉሌተር የሌለው እሳት ቤት ያቃጥላል፤ ሬጉሌተር የተደራረበበት ደግሞ ማንንም አይመግብም።

በማግስቱ ልጁን ጠርተን ይቅርታ ጠየቅነው። አቀርቅሮ ቆየ፤ ከዚያም አብረን እንድንጸልይ የጠየቀን እርሱ ነበር።

ወገኖች ሆይ፣ በቤታችሁ ወይም በኅብረታችሁ እሳቱ የደከመ ሰው ካለ “አልቆበታል” ከማለታችሁ በፊት በእርሱና በምንጩ መካከል ምን እንዳስቀመጣችሁ ተመልከቱ። እኛም እየተመለከትን ነው።

ጸጋ ይብዛላችሁ።