የጮሌዎቹ ገብስማ ዶሮዎች



ባለፈው ጥር የትምህርት ዕረፍት ላይ ባልና ሚስት ልጆቻችንን ይዘን ከአሰላ ወደ ጮሌ ተጓዝን። ጮሌ ከአሰላ በስተምሥራቅ፣ በአርባ ጉጉ ተራሮች በኩል የምትገኝ የአርሲ ደጋ ናት። ገብሱና ስንዴው ተወቅቶ የጭድ ክምር በየደጁ ቆሟል። አገሩን በመስኮት እያየን የተደሰትነው ግን እኛ ወላጆች ብቻ ነን፤ ልጆቻችን ከተሳፈርን ጀምሮ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር። «ሁለቱ ገብስማዎች አሁንም አሉ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ አገሩ ልማድ «አዳዳ» የምንላቸው አክስታችን ጮሌ ውስጥ አንድ የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። የልጁ ደብተርና እስክሪብቶ፣ የቤቱ ጨውና ሳሙና የሚገዛው ከእንቁላል ነው። የሐበሻ ዶሮ ደግሞ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው። እናም ካቻምና መጨረሻ ላይ እናግዛቸው ብለን ስድስት ቄቦች ገዝተን ወሰድንላቸው። ዝርያቸው ኮኮክ ይባላል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደቡብ አፍሪካ፣ በፖችፍስትሩም የግብርና ኮሌጅ፣ ጥቁር አውስትራሎርፕና ነጭ ሌግሆርን ከሚባሉ ዝርያዎች ተዳቅሎ የተገኘ ነው። ወደ አገራችን ከገባ በኋላ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ለገበሬው ተሰራጭቷል። ጥቁርና ነጭ የተሸነተረው ላባው እኛ «ገብስማ» የምንለው ነው። አዳዳም ገና እንዳዩዋቸው «ለገብስ አገር ገብስማ አመጣችሁልኝ!» ብለው ሳቁ።

ጠባያቸው የሚገርም ነበር። የሐበሻዋ ዶሮ የሰው እጅ ስታይ አጥር ዘላ ጎረቤት ትገባለች። ገብስማዋ ግን ጥሬውን ከልጅ መዳፍ ላይ ትለቅማለች። ታናሿ ልጃችን አንዷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ዶሮዋም ዓይኗን ጨፍና፣ ሁለቱም ፀሐይ ሲሞቁ ዋሉ። እኛም ደስ ብሎን ወደ አሰላ ተመለስን።

በሦስተኛው ወር ስልክ ተደወለ። ሌሊት ሸለምጥማጥ ማድቤት ገብቶ ከስድስቱ አራቱን ጨርሷቸዋል። የሐበሻዎቹ ኮሽታ ሲሰሙ ተነስተው ወራጁ ላይ ሰፍረዋል፤ አንዲትም አልጠፋችም። ገብስማዎቹ ግን ምድጃው አጠገብ መሬት ላይ እንደተኙ ነው የተያዙት። አዳዳ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩም፤ «የአላህ ቀደር ነው» አሉ። እኛ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ እናውቃለን። ዶሮዎቹን ስንመርጥ ለልጆች መመቸታቸውን አየን እንጂ ሌሊት የት እንደሚያድሩ አላሰብንም። አካላቸው ከበድ ያለ ስለሆነ እንደ ሐበሻዋ ከፍ ብለው አይበሩም፤ ትውልድ በትውልድ በሰው እጅ ስላደጉም ከመሸሽ መቀመጥ ይቀናቸዋል። በመድረሳ ሳለን ኡስታዛችን ድመት አስራ፣ ራሷም ሳታበላት፣ ከምድር ፈልጋ እንድትበላም ሳትለቃት ስለቀጣት ሴት የተላለፈውን ሐዲስ አስተምረውናል። ሴትዮዋ የተቀጣችው ክፉ ስለሆነች ነው ብለን ነበር የምናስበው። የዚያን ቀን ግን ችላ ማለትም ትዝ አለን።

ስለዚህ በዚህኛው ጉዞ ከስጦታው ይልቅ ምስማርና የሽቦ ወንፊት ነበር የያዝነው። ሁለት ቀን ሙሉ ከጎረቤት ወጣቶች ጋር ቤት ሠራን። ግድግዳው በጭቃ ተመረገ። መስኮቱ በወንፊት ተሸፈነ፤ አየር ካልገባ የኩሱ ሽታ ዶሮዎቹን ያሳምማልና። በሩ ከውጭ ይሸነቆራል። ቆጡን ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ብቻ ከፍ አደረግነው፤ ለገብስማ ከዚያ በላይ ይከብዳታል። ወለሉ ላይ የገብስ ጭድ ተነሰነሰ። የጮሌ ሌሊት እንደሆነ በጥር ውርጭ ነው።

ስለ ምግቡም ከአዳዳ ጋር ተከራከርን። እሳቸው «ገብስ ሞልቶ!» ይላሉ። ገብስ ብቻውን እንቁላል አያበዛም፤ ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ይጨመርበት፣ የእንቁላል ቅርፊትም በእሳት ተቆልቶና ተወቅጦ ይሰጣቸው አልን። በቅርፊቱ ተስማሙ፤ በፋጉሎው ግን ዋጋውን ሰምተው ዝም አሉ። እውነታቸውን ነው። የፈንግል ክትባት ነገር ግን አላከራከረንም፤ ክረምት ሊገባ ሲል በሽታው የመንደሩን ዶሮ ጠርጎ ሲወስድ አይተዋልና። ክትባቱ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፤ ዓይን ውስጥ በጠብታ ወይም በመጠጥ ውሃ ይሰጣል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚበቃ አዳዳ ጎረቤቶቻቸውን ከነዶሮዎቻቸው ጠሩ። ግቢው ገበያ መሰለ።

በማግስቱ ንጋት ላይ አውራው ዶሮ ሲጮህ ወንዱ ልጃችን ብርድ ልብሱን ተከናንቦ አማረረበት። አዳዳ ውዱእ አድርገው እየገቡ ነበር። «አትስደበው ልጄ፤ ለሶላት ነው የሚቀሰቅሰን፤ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከልክለዋል» አሉት። ልጁ ተነሳ።

ከመመለሳችን በፊት አንድ ነገር ቀረ። ገብስማዎቹ እንቁላል ይጥላሉ እንጂ መታቀፍ ብዙም አይሆንላቸውም፤ የሐበሻዋ ግን የታወቀች እናት ናት። ከተረፉት ሁለት ገብስማዎች የተጠራቀሙ 11 እንቁላሎችን ከሐበሻዋ ሥር አደረግን። አውራው ቀይ ነው። እናት ገብስማ፣ አባት ቀይ ሲሆን ገብስማ ሆነው የሚያድጉት ወንዶቹ ናቸው፤ ሲፈለፈሉም አናታቸው ላይ ነጭ ነጥብ ይታያል። ይህን ለልጁ ነግረነው ሄድን።

በ22ኛው ቀን ስልክ ደወለልን፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ዘጠኝ ተፈልፍለዋል። አራቱ ነጥብ አላቸው፣ አምስቱ የላቸውም። አምስት ቄብ ማለት ነው፣ አልሐምዱ ሊላህ። ከኋላው የአዳዳ ድምፅ ይሰማል፤ እንደ አባታቸው ይበሩ እንደሆነ ወይስ እንደ እናታቸው ምድጃ ዳር ይቀመጡ እንደሆነ ጠይቅልኝ ይሉታል።