ከአዳማ ሳትወጣ ግዛ

ይድረስ ለልጄ፣

ከነገ ጀምሮ መሪውን ብቻህን ልትይዝ ነው። ስለ ፍሬንና ስለ ጎማ በረዳትነትህ ዘመን ስለተማርክ አልደግመውም። የምጽፍልህ ስለ ሆድህ ነው።

የጅቡቲን መንገድ 22 ዓመት ተመላለስኩበት። ጠዋት ጥብስ፣ ማታ ቅቅል፣ በመሀል ዳቦ በሻይ። ጎመን የቤት ምግብ ነው እያልኩ መንገድ ላይ አልነካም ነበር። ቀኑን ሙሉ መቀመጡ፣ ውሃ ማነሱና አትክልት ማጣቱ ተደማምረው ሆዴን አደረቁት፤ ድርቀቱ ኪንታሮት አመጣብኝ። ሚሌ ኬላ ላይ ከጋቢና ወርጄ መቆም ያቃተኝን ቀን እስከ ዛሬ አልነገርኩህም። ቀጥሎ ደም ግፊቱ መጣ። የመረመረኝ ሐኪም ስለ ጨው ከጠየቀኝ በኋላ «አትክልትና ፍራፍሬስ በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ።

ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ቆስጣና ቲማቲም ፖታሲየም አላቸው። እሱ ትርፍ ጨው በሽንት እንዲወጣ ያግዛል፣ የደም ሥርንም ያላላል። ቃጫው፣ ሐኪሞቹ ፋይበር የሚሉት፣ ሆድ እንዳይደርቅ ያደርጋል፤ ስኳርም ደም ውስጥ ባንዴ እንዳይገባ ያዘገያል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ብሉ ይላል፤ ድንች አይቆጠርም። ሁለት ሙዝ፣ አንድ ብርቱካን፣ ምሳ ላይ አንድ ጭልፋ ጎመን ብትበላ እዚያው ገደማ ትደርሳለህ።

ከአዋሽ በታች ግን በሙቀቱ ያልጠወለገ አትክልት ማግኘት ከባድ ነው። አዳማ ላይ ግዛ። ሙዙን ጠንከር ያለውን፣ አረንጓዴነቱ ገና ያልለቀቀውን ምረጥ፤ የበሰለው ሎጊያ ሳትደርስ ይጠቁርብሃል። ብርቱካንና ካሮት ሙቀቱን ይችሉታል። በፌስታል አትቋጥራቸው፣ ያልባቸውና ይበሰብሳሉ፤ እናትህ ያዘጋጀችልህን የመረብ ከረጢት ከወንበሩ ኋላ ስቀለው። ካሮቱን በንጹህ ውሃ አጥበህ ልጠው። በምን እንደታጠበ የማታውቀውን ሰላጣ ተወው።

ሥጋ አትብላ አላልኩህም። ሽሮና ምስር ስታዝ ግን ሎሚ ጨመቅ አድርግበት፤ ሰውነትህ ብረቱን በደንብ እንዲወስድ ይረዳዋል። ስኳር የበዛበት ጁስ ጠጥተህም ፍራፍሬ በላሁ አትበል።

እኔ የግፊት ክኒን የጀመርኩት በ47 ዓመቴ ነው፤ እስካሁን አላቆምኩም። ነገ ከአዳማ ስትነሳ ደውልልኝና ምን እንደገዛህ ንገረኝ።

አባትህ