በአንድ ዴስክ አምስት ልጆች፤ ከዳባት እስከ ደባርቅ

ከጎንደር ከተማ በማለዳ ተነሥተው ወደ ሰሜን በሚወስደው ጎዳና የተጓዙ እንደሆነ፥ አምባ ጊዮርጊስን አልፈው 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲደርሱ ዳባትን ያገኛሉ። ጥቂት ቢገፉ ደግሞ ደባርቅ ትቀበልዎታለች። አገሩ የገብስ አገር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ከፊት ለፊት የስሜን ተራሮች እንደ ግንብ ተደርድረው ይታያሉ።

በዚህ መንገድ የሚሄደው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ዋልያና ጭላዳ ለማየት ነው። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ የደባርቅ ስም በውጭ አገር ሰዎች ዘንድም የታወቀ ሆኗል። እኔም በጥር 2015 ዓ.ም. ወደዚያ የወጣሁት ለዚሁ ነበር። ነገር ግን እዚያው አካባቢ አንደኛ ክፍል የሚያስተምር የልጅነት ጓደኛዬ፥ «ዋልያውን ነገ ታየዋለህ፤ ዛሬ የእኔን መንጋ እይልኝ» ብሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰደኝ።

አንባቢ ሆይ፥ ገና ክፍሉ ሳይደርሱ ነገሩን ከመንገዱ ዳር ይረዱታል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጋቢ የተከናነቡ፥ ኮንጎ ጫማ ያደረጉ፥ ደብተራቸውን በፌስታል የያዙ ሕፃናት እንደ ጎርፍ ይወርዳሉ። ስድስት ሰዓት ላይ እነዚያ ሲመለሱ ሌሎቹ ይመጣሉ፤ ትምህርቱ በፈረቃ ነውና። (ፈረቃው ለወላጅ አንድ ጥቅም አለው፤ ወንድም ከብት ሲጠብቅ እኅት ትማራለች፥ ከሰዓት በኋላ ይለዋወጣሉ።)

ክፍሉ በጭቃ የተመረገ፥ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ለሦስት ልጆች በተሠራው ዴስክ ላይ አምስት ተቀምጠዋል፤ በዳርና በዳር ያሉት ግማሽ አካላቸው ከዴስኩ ውጭ ስለሆነ አንድ እግራቸውን መሬት ላይ ተክለው ነው የሚጽፉት። ዴስክ ያልደረሳቸው ድንጋይ ላይ ሰፍረዋል። በደንቡ አንድ ክፍል ከ50 ተማሪ ማለፍ የለበትም። አሁን እስቲ እርስዎ ያስሉት፦ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ፥ ልጆቹ 80 ቢሆኑ፥ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው ግማሽ ደቂቃ ነው። ጓደኛዬ ያገኘው ዘዴ በየቀኑ የአንድ ረድፍ ደብተር ብቻ ማረም ነው። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ፊደል የሳተ ልጅ እስከሚቀጥለው ሰኞ ሲስት ይሰነብታል።

ከኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች። ስትጠራ ብድግ ብላ ገጹን እንደ ውኃ አወረደችው። ጓደኛዬ ፈገግ ብሎ መጽሐፉን ገለበጠባት፤ እርስዋ ግን ምንም ሳትደናገጥ ያንኑ ቃል በቃል ቀጠለች። ለካስ ከጎረቤቶችዋ እየሰማች ሁሉንም በቃልዋ ይዛዋለች! «ይህን ያወቅሁት በአራተኛው ወር ነው» አለኝ በኀፍረት።

እኔ የማስተምረው ዘጠነኛ ክፍል ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ፥ እኛም የታች ክፍል አስተማሪዎችን ስናማ ከርመን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ በበኩሌ አፌን ዘግቻለሁ።

ይህ ሁሉ ልጅ ከየት መጣ ቢሉ፥ ከተራራው ነው። በስሜን ሁለት መንደሮች በጩኸት እየተሰማሙ፥ በእግር ግን ግማሽ ቀን ይራራቃሉ፤ መካከላቸው ገደል ነው። እያንዳንዱ አምባ ባሕር እንደከበበው ደሴት ነው። ልጆቹ ጥቂት ስለሆኑ ትምህርት ቤት ቢሠራላቸውም በብዙው ስፍራ አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የአሥራ አንድና የአሥራ ሁለት ዓመት ሕፃን በሶውንና ድርቆሹን ተሸክሞ ወደ ከተማ ይወርዳል፤ አራት አምስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፥ ራሳቸው ያበስላሉ። ዘመድ ያለው ወላጅማ ልጁን ገና ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይልካል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ፓርኩን ከግጦሽ ለማዳን ሲባል የግጭ መንደር 418 አባወራዎች ወደ ደባርቅ ሲዛወሩ፥ ልጆቻቸውም አብረው ወረዱ።

በዚህ ላይ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ደረሰ። በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ከቆላው የተፈናቀለው ሕዝብም በዳባትና በደባርቅ ትምህርት ቤቶች ተጠለለ። የጓደኛዬ ክፍል ጣሪያ ጥግ ጥጉ የጠቆረው እዚያ ሲበስል በነበረው ምግብ ጢስ ነው። በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በትንሿ ሞንሰራት ደሴትም በ1987 ዓ.ም. እሳተ ገሞራ ሲነሣ፥ ሕዝቡ ወደ ሰሜኑ ጫፍ ሸሽቶ እንዲሁ ትምህርት ቤት ውስጥ አድሯል። መከራ ሲመጣ በር የሚከፍተው ትምህርት ቤት ነው፤ የሚጎዳውም እርሱ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭትም አያሌ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል።

እኔ እንደሚመስለኝ በከተማው ክፍል መጨመር ብቻ አይበቃም። አሥር ክፍል ቢጨመር አሥሩን የሚሞላ ልጅ ከአምባው ይወርዳል። ልጆቹ ሃያም ቢሆኑ፥ አንድ አስተማሪ ሁለት ክፍል በአንድ ቤት ቢያስተምርም እንኳ፥ ትምህርቱ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ከባዱ ነገር ቤቱን መሥራት ሳይሆን አስተማሪውን እዚያ ማቆየት ነው። እርስዎ በአንድ ጽሕፈት ቤት ፋይል የሚያገላብጡ ከሆኑ፥ ከደጋው የሚመጣውን የዝውውር ማመልከቻ ያውቁታል፦ ማደሪያ የለም፥ ገበያ ሩቅ ነው፥ ደመወዝ ለመቀበል አንድ ቀን መንገድ ነው። አመልካቹን ሰነፍ ነው ለማለት አይቸኩሉ። ለአስተማሪው ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ቢሠራለት ከብዙ ስብሰባ ይሻላል።

ዋልያውን በማግሥቱ አየሁት፤ በእውነት ያማረ እንስሳ ነው።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ ጓደኛዬን በስልክ እንኳን አደረሰህ ስለው ያቺን ልጅ ጠየቅሁት። ማንበብ ጀምራ ነበር አለኝ። አሁን ግን ከእናትዋ ጋር ወደ ቆላ ተመልሳለች፤ በቦታዋም ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል።